ከባቡር ላይ ለእማ የላክኋቸው ፖስት ካርዶች

በ2011 ዓ.ም. በበጋው ወራት ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። አንገቴ ላይ ለዘመናት የኖረው እንቅርት አድጎ መተንፈስ ከልክሎኝ ስለነበር፣ ድሬዳዋ የሚሠራው ልጄ ሰይድ ሐኪም አናግሮ "ነይና ይውጣልሽ" አለኝ። ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በባቡር ነው መንገዱ። ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳሳፍር የኖርኩ ሴት፣ ራሴ ያን ያህል ስርቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለ ጉዞው ከመጻፌ በፊት ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። ያለዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ አይገባም።

ፖስታ ቤት የገባሁት በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ደብዳቤ ለያይ ሆኜ ነው። ቀጥሎ አጅባር ተመደብኩ። እዚያ ቢሮው ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ደብዳቤው የበርበሬ ሽታ ነበረው። ከዚያ ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩና ጡረታዬን እዚያው ጠበቅሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ልጆቼን አሳድጎልኛልና አልሐምዱሊላህ። ሥራውን በእውነት ያስተማሩኝ ግን የመካነ ሰላሙ ኃላፊ ጋሽ ተሰማ ናቸው።

ጋሽ ተሰማ ቁጡ አልነበሩም፤ ብዙም አይናገሩም። የቀኑን ማኅተም ሲመቱ አስቀድመው በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሞክሩታል። ከዚያ በእጅ አንጓ ብቻ፣ አንዴ፣ ቀጥ አድርገው። "በትከሻሽ አትምቺ፤ ቀለሙ ይፈስና አገሩ አይነበብም" ይሉኝ ነበር። ከረጢቱ ከደሴ አውቶቡስ ላይ ሲወርድ ዝናብ ነክቶት ከሆነ፣ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው እያለሰለሱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጓቸዋል። ዓርብ ለጁምዓ ስሄድ መስኮቱን እሳቸው ይይዙልኛል፤ ለጥምቀት እሳቸው ሲሄዱ እኔ። በመስኮቱ የመጣን ሰው ደግሞ ደብዳቤውን ሰጥተው ዝም ብለው አይሰዱትም። "መልስ አለ?" ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ ያቀርቡለታል።

ከሁሉም የማልረሳው ሰው የሚጠሩበትን መንገድ ነው። የገጠሩ ሰው የፖስታ ሣጥን የለውም። ደብዳቤ ሲመጣለት በገበያ ቀን በአገሩ ሰው በኩል ነው የምናስጠራው። ጋሽ ተሰማ መልእክተኛ ሲልኩ ከስም በፊት "ደህና ነው" ያስብሉ ነበር። ጠዋት አይልኩም። በሽማግሌ አይልኩም፤ በቄስም በሸህም አይልኩም። ወሬኛ ሴት፣ ወይም የሚስቅ ጎረምሳ ፈልገው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይልካሉ።

ምክንያቱን እኛ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። የሰማው ለሞተበት ሰው አይናገርም፤ "ደህና ነው" እያለ ይደብቀዋል። ከዚያ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ፀሐይ ሳትወጣ በር ያንኳኳሉ።

ለአንዲት የወግዲ ሴት የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ ገና አዲስ ነበርኩ። ልጇ ወታደር ነው፣ ሰሜን ነበር። ደብዳቤ ላከላት። መልእክቱን የተቀበለው ሰው ለሰፈራቸው ሽማግሌ ነገረ፤ ሽማግሌውም ሴትዮዋ በጊዜ መንገድ እንድትጀምር ብለው፣ ከመንደር ሰው ጋር ሆነው፣ ገና ሳይነጋ በሯ ላይ ቆመው "ፖስታ ቤት ትፈለጊያለሽ" አሏት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ቧጥጣ መጣች። ጋሽ ተሰማ ደብዳቤውን ከፍተው ደጋግመው አነበቡላት። ልጁ ደህና ነው፣ ሰላምታ ልኳል፣ ፎቶግራፍም አለው።

"ለምን ትደብቁኛላችሁ?" አለቻቸው።

"እመቤቴን አልደበቅሁሽም።"

"አንተም እንደነሱ ነህ። ደህና ነው፣ ደህና ነው።"

እያለቀሰች ሄደች። ጦርነቱ ሲያበቃ ልጁ በሕይወት ተመለሰ። እሷ ግን ሳታየው፣ ሳታምን፣ ቀደም ብላ ሞታ ነበር። ልጁ ቢሯችን መጥቶ "ደብዳቤዬ ደርሷት ነበር ወይ?" ሲል ጋሽ ተሰማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ደርሷታል" አሉት። ያን ቀን መስኮቱን እኔ ያዝኩ።

ወደ ጉዞዬ ልመለስ።

እናቴን ሰፈርተኛው ሁሉ እማ ነው የሚላት። በዕድሜ ብዛት ጆሮዋ ጠፍቷል፤ ስልክ ለእሷ ምንም ነው። ፊደል አልተማረችም። የአባቷ ቤት የቁርኣን ቤት ስለነበር ግን የዐረብኛውን ፊደል ታውቃለች፤ በእሱ አማርኛ ትጽፍበታለች። የወሎ ሸሆች አጀም የሚሉት ነው። ለእኔም በልጅነቴ አስተምራኛለች። አባቴ ደሴ ለቀዶ ጥገና ገብቶ ሞቶ ነው የተመለሰው፤ እስከ ማለዳዋ ድረስ "ደህና ነው" ሲሏት ከርመው። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው የሚል ሰው አታምንም። የምታምነው በእጅ ተጽፎ ያነበበችውን ነው።

ስነሣ እጄን ይዛ "ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ጻፊልኝ" አለችኝ።

አዲስ አበባ ላይ የዋልያና የላሊበላ ሥዕል ያለባቸው ፖስት ካርዶች ገዛሁ። ቴምብሩን አስቀድሜ ለጠፍኩ። አድራሻውን በፊደል፣ መልእክቱን በአጀም፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ባቡሩ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ። ቃሌ አጭር ነበር። "አዳማ ደርሻለሁ። ደህና ነኝ። ዱዓ አድርጊልኝ።"

ችግሩ ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ መሆናቸው ነው። የፖስታ ሣጥን የለም። ባቡሩም አይጠብቅም። አዳማ ስንቆም ወርጄ ጥበቃ ላይ ወዳለች ወጣት ሴት ሄድኩ።

"ልጄ፣ ከተማ ስትገቢ ይህችን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጣይልኝ።"

"ስልክ የለዎትም እንዴ እናቴ?"

"አለኝ። የምልክላት አትሰማም።"

ካርዱን ገለበጠችው። "ይሄማ ዐረብኛ ነው!"

"አማርኛ ነው።"

"ወይ ጉድ!" ብላ ሳቀች። "ይግቡ ይግቡ፣ ሊሄድ ነው። እጥልልዎታለሁ፤ እመብርሃንን!"

አዋሽ ላይ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ሰጠሁ። ሚኤሶ ላይ ጫት ታቅፎ ለሚወርድ ሰው። እሱም "ወላሂ አደርሳለሁ" አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ሁሉንም ሲያይ ቆይቶ፣ "እማማ፣ እርስዎ ደርሰው ተመልሰው ካርዱ ገና መንገድ ላይ ነው" ብሎ አሾፈብኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደክሞኝ ነበር፤ አንገቴ ይከብደኝ ነበር። ግን እነዚያ የማላውቃቸው ሰዎች ካርዶቼን አልጣሉብኝም። ሁሉም ደርሰዋል። አላህ ውለታቸውን ይክፈልልኝ። ድሬዳዋ ላይ የመጨረሻዋን በእጄ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ስነቃ ድምፄ የለም። ሐኪሙ "ነርቩ ተቆጥቶ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እስከዚያ አይናገሩ" አለኝ። ሰይድ ለእህቱ ለሀያት ደውሎ ነገራት። ሀያት ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከእኔና ከእማ ጋር ነው የምትኖረው። ለእማ በእጇ ምልክት አሳየቻት፤ እማ ግን "ወረቀቱስ?" ነው ያለችው።

ወረቀቱ መካነ ሰላም የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአዳማዋ ካርድ። በቦታዬ የተተካችው ልጅ ከደሴ የመጣች ናት፣ ሰላማዊት ትባላለች፤ ጥሩ ልጅ ናት። "ወይዘሮ ሙሐባ" የሚለውን አነበበች፤ እማን በዚያ ስም የሚጠራት ስለሌለ ግን ማን እንደሆነች አላወቀችም። ከአድራሻው ጎን የዐረብኛውን ፊደል ስታይ የዲን ነገር መሰላት። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መስጊድ ጎራ ብላ ለሸህ ይማም ሰጠች። ሸህ ይማም አነበቡት፤ ደስ አላቸው። መሽቶ ስለነበር ሴት ቤት በጨለማ መሄድ ነውር ነው ብለው አሳደሩት። ከሱብሂ ሰላት እንደወጡ፣ አብረዋቸው ከሰገዱ ሽማግሌዎች ጋር፣ መንገዳቸውም ስለሆነ፣ ቤታችንን አንኳኩ።

በሩን የከፈተችው እማ ናት።

ሀያት እንደነገረችኝ፣ እማ ያየችው ይህን ነበር፦ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሸሁ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ኋላቸው ሽማግሌ፣ እጃቸው ላይ ወረቀት። መሬት ላይ ተቀመጠችና ጮኸች። ሸህ ይማም "ደህና ናት! ኧረ ደህና ናት!" ይላሉ፤ አትሰማም። ቢጮኹ ጎረቤት ተነሣ። ጎረቤቱም ሸሁንና የእማን ዋይታ ሲያይ ሌላ ምን ያስባል? ለቅሶው ቀለጠ። ካርዱን እጇ ላይ አኖሩላት። አነበበችውና፣ "ይሄ ከቢላዋው በፊት የጻፈችው ነው" አለች።

እውነቷን ነበር። ሁሉም ካርዶች ከቢላዋው በፊት የተጻፉ ናቸው።

ሀያት ደወለች። ሰይድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ? ተናገሪ!"

"እኔ ነኝ" አልኩ። እስትንፋስ ብቻ ነው የወጣው።

"ማን ነው ይሄ? ሰይድ፣ ከማን ጋር ነው የምታገናኘኝ? ይሄ የእሷ ድምፅ አይደለም! አንተም ደበቅኸኝ?"

ሰይድ በአላህ ስም እየማለ አረጋጋት። ፎቶግራፍ እንዳይልክ ያን ሰሞን መስመሩ ተበላሽቶ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። ሀያት በስንት መሐላ አመነች። የሰፈሩ ሰው ግማሹ አመነ፣ ግማሹ "አሮጊቷ ደንግጣ እንዳትሞት እየደበቁ ነው" አለ። ድንኳን ተተከለ። እማ ሸህ ይማምን ሰላተል ጋኢብ ስገዱላት አለቻቸው፤ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን። "በሕይወት ላለች አልሰግድም" በምልክት ቢሏት ተቆጣች። "ለልጄ ሰላት ነፈግኸኝ" አለቻቸው። ሸሁ አለቀሱ ይባላል።

ከዚያ ሌሎቹ ካርዶች መድረስ ጀመሩ። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው አልመጡም፤ የድሬዳዋዋ ቀደመች፣ ሚኤሶ ተከተለች፣ የአዋሿ ከሁሉም ዘገየች። በእያንዳንዷ ካርድ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። እማ እህል መቅመስ ተወች። ውኃ ብቻ።

እኔ ይህን ሁሉ ድሬዳዋ ተኝቼ ነው የምሰማው። የወግዲዋ ሴት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ደህና ነኝ ብዬ የምጮኽበት ድምፅ የለኝ፤ ቢኖረኝም የሚሰማኝ ጆሮ የላት። ለዘመናት የሰው ቃል ለሰው ሳደርስ ኖሬ የራሴን አንዲት ቃል ለእናቴ ማድረስ አቃተኝ። ዱዓ ከማድረግ በቀር ምንም አልሠራሁም።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ነገሩን ዘግይተው ሰሙ። በእኩለ ቀን መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ሀያትን ጠሯት።

"ማነው ይሄን የተከለው?"

"ጎረቤት ነው፣ ጋሼ።"

"ይነቀል።"

"እማ ታለቅሳለቻ!"

"ታልቅስ። ቤቷ ገብታ ታልቅስ። ድንኳን ያየ ሁሉ እየገባ ያስለቅሳታል።"

ድንኳኑ ተነቀለ። ገብተው እማ አጠገብ ተቀመጡ። አላጽናኗትም፤ ደህና ናትም አላሉም። ሀያትን ምሳ አምጪልኝ አሏት። በሉ፤ ጨምሪልኝ አሉ። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይበላም። እማ ማልቀሷን ትታ ታያቸው ጀመር።

"ምን ሆነህ ነው ተሰማ? ሰው ሞቶብኝ አንተ ወጥ ታስጨምራለህ?"

እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ከኪሳቸው ፖስት ካርድና እስክሪብቶ አወጡና ጉልበቷ ላይ አኖሩት። የእኔን ካርድ በጣታቸው ነኩ፤ ቀጥሎ ባዶውን። መልስ አለ? እንደማለት።

"ለሞተ ሰው ይጻፋል እንዴ? አረጀህ መሰለኝ።"

አዎ አርጅቻለሁ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሀያት እንደምትለው ጥላው ከበሩ እስኪርቅ አልተነሡም፤ እንቅልፍም ሳይወስዳቸው አልቀረም። በመጨረሻ እማ እስክሪብቶውን አነሣች። የጻፈችውን እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ አልጠየቁምም። እጇን ይዘው፣ አንዱ በከዘራ አንዷ በሰው ተደግፋ፣ ፖስታ ቤት ወሰዷት። ሰላማዊት ማኅተሙን ስትመታ እማ ቆማ አየች። ጋሽ ተሰማ "በአንጓሽ ልጄ፣ በአንጓሽ" አሏት። እማ በዚያ ቀን ማታ ትንሽ አጥሚት ጠጣች። አመነች አልልም። መጠበቅ ጀመረች።

ካርዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ሰይድ አጀም አያነብም፤ ወደ አልጋዬ አመጣልኝ። የእማ ጽሕፈት ነው፣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ይላል፦

"ካለሽ ነይ። ከሌለሽ አላህ ይዘንልሽ።"

ተነሥቼ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሰይድ ሐኪሙን ጠራ። ሐኪሙ ቁስሉ አልጠናም፣ መንገዱ ሩቅ ነው አለ። ወረቀት ላይ "ልጄ፣ ተባረክ፤ እሄዳለሁ" ብዬ ጻፍኩለት። በመልሱ ባቡር አንድም ካርድ አልላክሁም። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ አንገቴን በሻርፕ ጠቅልዬ፣ እየተንገላታሁ ደረስኩ። የደሴውን አውቶቡስ ግን አላህ አቀለለልኝ እንጂ እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ነበር ቤት የደረስኩት። እማ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ። አልተነሣችም። አጠገቧ ተንበርክኬ ሻርፑን ፈታሁ።

"እንቅርቱ የታለ?" አለች።

በእጄ ወጥቷል አልኳት። በጣቷ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ደረቴን ዳሰሰች፣ ፊቴን ዳሰሰች፣ ጆሮዬን ጎተተች።

"ያማል?"

ራሴን ነቀነቅሁ፤ አያምም።

"ድምፅሽስ?"

የለም።

"እኔም ጆሮ የለኝ" አለችና ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ወዲያው እዚያው አቧራው ላይ ሱጁድ ወረደች፤ እኔም አጠገቧ።

ወደ መግሪብ ግድም ሸህ ይማም መጡ። አፍረው ከደጅ ቆሙ፤ አልገባም አሉ። እማ በሀያት ምልክት ነገሩ ገባትና፣ "ግባ በዪው፤ ማለዳ ካልሆነ አልፈራውም" አለች። ገቡ። ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረጉ። ሀያት በለቅሶው የመጡትን ቆጥራ አትዘልቅም፤ እንጨት የተሸከመ አለ፣ ውኃ የቀዳ አለ፣ ከኩታበር ድረስ የመጣ ዘመድ አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም። እኔ ለማን ምን ሠርቼ ነው ያን ያህል ሰው ያለቀሰልኝ እያልኩ ተኛሁ።

በማግስቱ ሰግጄ፣ ጥቂት አረፍኩና ሻርፔን ጠመጠምኩ። ሀያት "በዚህ አንገትሽ ወዴት ነው?" አለችኝ። ለቅሶ የደረሱኝን ላመሰግን ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። እማ ወረቀቱን ማንበብ ባትችልም ገባት፤ ጫማዋን አጠለቀችና ክንዴን ያዘች። የመጀመሪያው በር የቅርብ ጎረቤታችን የእትዬ የሺ ነበር። እማ ቀድማ አንኳኳች። እትዬ የሺ ከፍታ እኔን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ያለቀሽላት ልጄ ይህችውልሽ" አለቻት እማ። "አላህ ይስጥልኝ ልትልሽ ነው የመጣችው፤ እሷ አትችልምና እኔ እልልሻለሁ።"

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። እትዬ የሺ አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄድን።